ስንት ናችሁ?

«እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይባላል። ልጅ ሆኜ ይህን ተረት ስሰማ ልብ የምለው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር። እውነት ተናገር፣ ሌላው ራሱ ይስተካከላል። አምና አዲስ አበባ ውስጥ ለሰባት ሰው የሚሆን ቤት ስፈልግ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው ቃል ገዘፈችብኝ፤ ማደር። ለካ ተረቱ የተነገረው በመሸበት ሁሉ በር የሚከፍት ሰው ባለበት አገር ነው። መንገደኛው ከደጅ ሆኖ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፣ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፣ አለቀ። በሩ ላይ ቆሞ «ስንት ናችሁ?» የሚል የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ዓመት የኖርንበትን ቤት ባለቤቱ ለሚያገባ ልጁ ፈለገው። ቤቱ የሱ ነው፣ ሦስት ወር ጊዜም ሰጥቶናል፤ ቅሬታ የለኝም። እኛ ሰባት ነን፤ እናቴ፣ አያቴ፣ እህቴ፣ የእህቴ ሁለት ልጆች፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። ደሞዝ የምናመጣው እኔና እህቴ ብቻ ነን። ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ያስፈልገናል፣ ለደላላ የሚሆን ትርፍ ብር ግን የለንም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «ከባለቤቱ በቀጥታ፤ ደላላ እንዳይደውል» የሚሉትን ማስታወቂያዎች እየመረጥኩ መደወል ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ትሑት ናቸው። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የመብራት ቆጣሪው የግል መሆኑን ሁሉ ነገሩኝ። ከዚያ «ስንት ናችሁ?» አሉ። «ሰባት ነን።» ዝም አሉ። ቆይተው «እ... ቤቱን ለማየት ቀጠሮ የያዙ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ካልፈለጉት እደውልልሃለሁ» አሉኝ። አልደወሉም። ሁለተኛዋ ሴትዮ ግልጽ ነበሩ፤ «ልጅ ያለው አልፈልግም፣ ግድግዳዬን ያበላሹታል።» ሦስተኛው ለድርጅት እንጂ ለቤተሰብ እንደማያከራይ ነገረኝ። አራተኛው «ሰባት? ዕድር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አምስተኛው ምንም ሳይል ስልኩን ዘጋው። በዚያ ሳምንት ሰባት የሚለው ቁጥር እንደ ጥፋት ሆኖ ይሰማኝ ጀመር።

አስቡት፤ የምንነጋገረው ስለ ስቱዲዮ አይደለም። ሦስት መኝታ ያለው ቤት የተሠራው ለማን ነው? ቤተሰብ የሚለው ቃል ራሱ በውስጡ ቤት አለ። ቤቱ ሲነሳ የሚቀረው «ሰብ» ነው፤ ከግዕዙ ሰብእ የመጣ፣ ሰው ማለት። ቤተሰብ ለመባል ቤት ያስፈልጋል፤ ቤት ለማግኘት ግን ቤተሰብ ባትሆን ይሻልሃል። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የቆምነው።

ስድስተኛዋ አከራይ «ስንት ናችሁ?» ሲሉኝ «አራት ነን» አልኩ። ሳላስበው አመለጠኝ ማለት ሁለተኛ ውሸት ይሆናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት ነው ያደርኩት። አያቴንና ሁለቱን ልጆች ቀነስኳቸው። ሴትዮዋ «እሺ ልጄ፣ ቅዳሜ መጥታችሁ እዩት» አሉኝ። እንዲህ ቀላል ነበር።

ቅዳሜ ሰሚት ሄድን። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ግን ብርሃን አለው፣ ንጹሕ ነው። አከራይዋ በስማቸው ሳይሆን «እትዬ» እያልኩ የምጠራቸው፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። እሳቸው የሚኖሩት ከእህታቸው ጋር ነው፤ ኪራዩ ጡረታቸው ነው። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ቤይሩት ሄዱ፤ የሰው ቤት እየሠሩ ገንዘቡን አጠራቀሙ፤ ዕጣው ሲወጣላቸው ከፈሉ። እያንዳንዱን ክፍል ሲያሳዩን ግድግዳውን በእጃቸው ይነኩታል። የሰው ገላ እንደሚነካ ነው የሚነኩት።

ሻይ ፈልቶ ስንቀመጥ ስለ ልጅነታቸው አወሩን። የወላጆቻቸው ግቢ ውስጥ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ሁለቱ ክፍሎች ተወሰዱ። ተከራዮቹ እዚያው ግቢ ውስጥ ቀሩ፤ ኪራዩን ግን ለቀበሌ ይከፍሉ ጀመር። «አባቴ እስኪሞት ድረስ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ ያያቸው ነበር» አሉ። ታሪኩን የነገሩን እንዲሁ ለጨዋታ ነው። ለኔ ግን አንድ ነገር ገለጠልኝ። እኔ አከራይ የሚፈራው ተከራይ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ አከራይም አገር ይፈራል። ደርግ «ትርፍ» ያለው ነገር ለአንዳንዱ ሰው የዕድሜ ልክ ላብ ነበር። በዚያው አዋጅ ደግሞ ከአከራይ ቁጣ የዳኑ፣ ርካሽ ኪራይ እየከፈሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ብዙ ሺህ ሰዎች አሉ። የእናቴ እናት አንዷ ናት። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን እውነት ይዞ ሌላውን መርሳት የሚያምርብን እኛ ነን።

ውል ተፈራረምን፣ አስመዘገብነውም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚለው መሠረት ውሉ የሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያው የሁለት ወር፣ ክፍያው በባንክ። ይህ አዋጅ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ባኮረፈ ቁጥር ኪራይ የሚጨምርበትን ጊዜ ስላየሁት አልቀልድበትም። ግን ሕጉ የሚቆጥረው ወርና ብር ነው። ሰው የሚቆጠረው ከውሉ በፊት፣ በስልክ ነው። ልንፈርም ስንል እትዬ «እስቲ አንድ መስመር ጨምርልኝ» አሉኝ። «በቤቱ የሚኖሩት አራት ሰዎች ናቸው ብለህ ጻፍ። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ባለፈው ተከራዬ ምክንያት ከታች ያሉት ጎረቤቶች እስካሁን አኩርፈውኛል።» በገዛ እጄ ጻፍኩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በማታለል የተገባ ውል ሊፈርስ ይችላል እንደሚል አውቃለሁ። እያወቅኩ ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ደላላ አንድ ነገር ልበል። ደላላን ሁላችንም እንረግማለን፤ እኔም ረግሜአለሁ። ግን የድሮውን ቤት ያገኘልን ደላላ ነበር፣ እና ለባለቤቱ ስንት ናቸው እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። የገባን ቀን «ትንሽ ናቸው ብያለሁ፤ ሁላችሁም በአንዴ አትግቡ» ሲለን ሳቅን። ሳቃችን ንጹሕ ነበር፤ ምክንያቱም የዋሸው እሱ ነው። አሁን ሳስበው፣ ያኔ የከፈልነው ለቤት ፍለጋው ብቻ አልነበረም፤ ውሸቱን እንዲሸከምልንም ነበር። ባለቤቱም እንደዚሁ ሰውን የመመለስ ኀፍረቱን ደላላው ይሸከምለታል። «ከባለቤቱ በቀጥታ» ሲባል ኮሚሽኑ ይቀራል፤ የምትዋሸው ግን በራስህ አፍ ነው፤ ሻይ ያፈላልህን ሰው ዓይን እያየህ።

ከገባን በኋላ ራሴን ለማጽናናት ፍልስፍና ውስጥ ገባሁ። (ቤት የሌለው ሰው ፍልስፍና አያምረውም፤ ቤት ሲያገኝ ነው።) ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው አንድ አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ ጓደኛህን እያሳደደ በርህ ላይ መጥቶ «ውስጥ አለ ወይ?» ቢልህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ብሎ ተከራከረ። ብዙ ሰው በዚህ ሐሳብ ይናደድበታል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በካንት ምሳሌ ውስጥ ልዋሽ አልዋሽ ብሎ የሚጨነቀው ሰው ቤት አለው። በሩ የሱ ነው። ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚዋሽ ሰው በምሳሌው ውስጥ የለም። ደግሞም እትዬ ነፍሰ ገዳይ አይደሉም፤ የውሃ ነገር ያሳሰባቸው ሴት ናቸው። ስለዚህ ካንትን ብጥለውም ነጻ አልወጣም።

ቀጥዬ ወደ ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ሄድኩ። መጽሐፉን ማን ጻፈው በሚለው ላይ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው የጻፈው የሚሉ አሉ። ያ ክርክር እዚያው ይቆየን። በታሪኩ ዘርዓ ያዕቆብ ከአክሱም ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ከኖረ በኋላ እንፍራዝ ደርሶ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ዘንድ ይጠጋል፤ መጻሕፍት እየገለበጠ፣ የሰውዬውን ልጆች እያስተማረ ይኖራል። እንግዲህ በዘመናችን ቋንቋ ጥገኛ ነው። በዙሪያው ያሉት ሰዎች እንደነሱ ክርስቲያን ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን በልቡ የሚያምነው ሌላ ነው። ይህ ማስመሰሌ በፈጣሪ ፊት ያስጠይቀኝ ይሆን ብሎ ራሱን ይመረምራል። የሚደርስበት ሐሳብ፣ እውነቱን ብገልጥላቸው አይሰሙኝም፣ ይልቅስ ያሳድዱኛል የሚል ነው።

ይህን ሳነብ ጠበቃ ያገኘሁ መሰለኝ። በቃ፣ እውነቱን ለመስማት ቦታ የሌለው ሰው እውነቱን የመጠየቅ መብትም የለውም ብዬ ደመደምኩ። ለጥቂት ሳምንታት በዚህ ሐሳብ በሰላም ተኛሁ። ከዚያ የእህቴን ትልቅ ልጅ ጫማ አየሁ።

ኪራዩን በባንክ ብንከፍልም እትዬ በየሁለት ወሩ ቤታቸውን ለማየት ይመጣሉ። በዚያን ቀን አያቴ አክስቴ ጋ ትሄዳለች፣ ልጆቹ ጎረቤት ይውላሉ። ምናልባት ድንገት ቢገናኙስ ብለን ትልቁን ልጅ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አስተማርነው። «ማን ነህ ቢሉህ?» «እንግዳ ነኝ።» «ጎበዝ።» እንደ ጨዋታ ነበር ያደረግነው። አንድ ማታ ዘግይቼ ስገባ በሩ አጠገብ የተደረደሩትን ጫማዎች አየሁ፤ የሱ የለም። የታናሽ እህቱም የለም። ለካ በየማታው የሁለቱን ጫማ ይሰበስብና አልጋ ሥር ይደብቃል። ማንም አላዘዘውም። ሴትዮዋ ጫማ ይቆጥራሉ ብሎ በራሱ አስቦ ነው።

ያኔ ዘርዓ ያዕቆብ ጥሎኝ ሄደ። እሱ የደበቀው የራሱን ልብ ነው፣ ዋጋውንም ራሱ ከፍሏል። እኔ የደበቅኩት ልጅ ነው። እትዬን የዋሸኋቸው በቁጥር ነው፤ ሰባትን አራት አልኩ። ለልጁ ግን ቁጥር አይደለም፤ በገዛ ቤቱ እንግዳ መሆንን ነው ያስተማርኩት። ውሸት ጥፋት ነው ሲባል ሁልጊዜ የተዋሸውን ሰው ብቻ እናስባለን። የተዋሸበት ሰውስ? ሳይጠየቅ ከመዝገብ የተፋቀውስ?

መጨረሻው እንደዚህ ሆነ። አንድ የዝናብ ቅዳሜ እትዬ ሳይደውሉ መጡ። በር የከፈተው ልጁ ነው።

«አንተ ማን ነህ?»

«እንግዳ ነኝ።»

«የማን እንግዳ?»

«የእማዬ።»

«መቼ መጣህ?»

ይህን አላስጠናነውም ነበር። ትንሽ አሰበና «ድሮ» አለ።

እትዬ ገብተው ተቀመጡ። እናቴ ቡና ልታቀርብ ተነሳች፤ «አይ፣ ይቅርብኝ» አሉ። ቡና እንቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ድምፃቸውን ሳይጨምሩ እንዲህ አሉኝ፤ «ባለፈው ደላላው ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ዘጠኝ ሰው አስገባብኝ። ደላላ የተውኩት ሰው ፊት ለፊት አይዋሽም ብዬ ነው።»

የምመልሰው አጣሁ። ቆይቼ ግን የሚያንገበግበኝን ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ሰባት ነን ብልዎ ኖሮ ያከራዩኝ ነበር?»

ብዙ ዝም አሉ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። «አላከራይህም ነበር» አሉ።

እስከ ዛሬ በዚህ መልስ አከብራቸዋለሁ። «እንዴታ፣ ብትነግረኝ ኖሮ እኮ» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ሁላችንም የምንለው ነው። እሳቸው ግን እውነቱን ተናገሩ፣ በራሳቸው ቤት፣ ወደ ማታ። ያኔ ሁለታችንም የያዝነውን መሬት ላይ አስቀመጥን ማለት ይቻላል። እኔ ዋሽቼአለሁ። እሳቸው ለእውነተኛ መልስ ቦታ የሌለው ጥያቄ ጠይቀዋል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ከዚያ በኋላ ስለ ውሃ አወራን። ከመጀመሪያው ልናወራበት ይገባን የነበረው እሱ ነው። የፈሩት ሰባት ነፍስ አልነበረም፤ የታችኞቹ ጎረቤቶች ኩርፊያና የሚያልቀው ውሃ ነው። ሁለት በርሜል ገዝተን፣ በፈረቃችን ቀን ብቻ ሞልተን፣ ልብስ በዚያው ቀን ልናጥብ ተስማማን። ወንድሜ ወርዶ ከታች ያሉትን ጎረቤቶች አናገረ። ውሉ ላይ «አራት» የሚለው ተሰርዞ «ሰባት» ተጻፈ፣ ሁለታችንም ጎኑ ላይ ፈረምን። ይቅር ተባባልን ብዬ አላሳምረውም። እትዬ አሁንም ሲመጡ ቡናውን አንዳንዴ ይጠጣሉ፣ አንዳንዴ ይቸኩላሉ። ያጣሁት ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ቀን ግድግዳውን እየነኩ ያወሩኝን ዓይነት ወሬ ደግመው አላወሩኝም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ይህ ነው። የሚጠይቅ ሰው ዕዳ አለበት። «ስንት ናችሁ?» ከማለቱ በፊት «ብዙ ነን ቢሉኝ የምሰማበት ቦታ አለኝ ወይ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል። ከሌለው፣ የፈራውን ነገር በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ፤ ውሃ ከሆነ ውሃ፣ ድምፅ ከሆነ ድምፅ፣ ግድግዳ ከሆነ ግድግዳ። በነዚህ ላይ መስማማት ይቻላል። በሰው ቁጥር ላይ ግን መስማማት አይቻልም፤ እናቴን ከስድስት እስከ ሰባት ባለው መሃል ላስቀምጣት አልችልም። ቤቱ የባለቤቱ ነው፣ ልክ ነው። ግን «ለቤተሰብ የሚሆን» ብሎ ያስተዋወቀ ሰው ቤተሰብ ሲመጣ መደንገጥ የለበትም።

የሚመልሰውም ዕዳ አለበት። ብዙዎቻችሁ እኔ የዋሸሁትን ዋሽታችኋል፤ ወይ ነገ ትዋሻላችሁ። «በፍጹም እንዳትዋሹ» ብዬ ከአራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ አልሰብክም፤ ሦስት ወር ተሰጥቶት ሁለቱ ያለቀበት ሰው ጭንቀት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ውሸቱን ማን ተሸክሞ እንደሚኖር አስቀድማችሁ እዩ። እናንተ ብቻ ከሆናችሁ አንድ ነገር ነው። አዛውንት ወይ ሕፃን ከሆነ ግን፣ በስልክ የተቀነሰ ሰው ቤት ውስጥም እንደተቀነሰ ይኖራል፤ ሲስቅ ድምፁን ይቀንሳል፣ ጫማውን ይደብቃል።

ውላችን በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል። ምናልባት ይታደሳል፣ ምናልባት እንደገና «ከባለቤቱ በቀጥታ» የሚሉ ቁጥሮች ላይ እደውላለሁ። ስጠየቅ ሰባት ነን እንደምል እርግጠኛ ነኝ ብል ጀግና ያስመስለኛል፤ አይደለሁም። የወሰንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስደውል ልጁ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ስልኩም ድምፁ ተከፍቶ ነው የሚሆነው። ስለሱ የምለውን ሁሉ እሱ እየሰማኝ ነው የምለው። ከዚያ ከመሸበት እናድራለን።